አዳራሹ ወዲህ፣ ማሽኖቹ ወዲያ

በተማርኩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የብረታ ብረት ሥራ የተማርኩት ከአቃቂ ለመውጣት ነበር። ድሬዳዋ ትልልቅ ጋራዦች አሉ፣ ባቡሩም የሚጠገነው እዚያ ነው ሲባል ሰምቼ ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። የምደባው ዕጣ ሲወጣ ግን የደረሰኝ ከቤታችን በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት ሆነ።

እናቴ ወሬውን የሰማች ዕለት ከክር ፋብሪካው ፈረቃዋ ወጥታ፣ እንቅልፏን ትታ፣ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምስጋና አድርሳ መጣች። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችኝ ብቻዋን ናት፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ልጇ በአዲስ አበባ መስተዳድር ተቀጥሮ፣ ማታ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሲበላ ማየት ለሷ የልፋቷ ሁሉ መዳረሻ ነበር። ለኔ ደግሞ ገና ምንም አልተጀመረም።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ለቴክኒክ ትምህርት ተብሎ የተሠራ ረጅም አዳራሽ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ወደ ፋብሪካዎቹ ከሚሄደው መስመር ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ መብራት የገባለት አዳራሽ ነው። ማሽኖቹ የሚያርፉባቸው የሲሚንቶ መደቦች ወለሉ ላይ ተሠርተው፣ ማሰሪያ ብሎኖቹ ሳይቀሩ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የጎደሉት ማሽኖቹ ብቻ ናቸው። የግንባታው በጀት ወጥቶ የዕቃው በጀት ሳይወጣ መንግሥት ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ኃላፊ ሁሉ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ክፍልን እንደሆነ ይናገር ነበር።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቶርኖን በጠመኔ አስተማርኩ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚልግ ማሽን ነው። ሰሌዳው ላይ እሥለዋለሁ። ይሄ ብረቱን የሚይዘው ነው፣ ይሄ ቢላው ነው፣ ይሄ ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬደው ነው እላለሁ፤ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ከጊዜ በኋላ የነሱ ሥዕል ከኔ ሥዕል ይበልጥ ጀመር። ፈተና ሲደርስ ሁሉም ያልፋሉ። አንድም ብረት ግን አልተላገም።

አንድ ቦታ መቆም አልችልም ነበር። ከሰሌዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። በሐዲዱ በኩል የባቡር ጥሩምባ ሲሰማ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ዝም እላለሁ፤ ተማሪዎቹም ዝም ብለው ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቁኛል። ከሥራ ስወጣ ቤት አልገባም። የምቀበለው ወይም የምሸኘው ሰው ሳይኖረኝ ጣቢያው ድረስ ሄጄ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደውን ባቡር አይቼ እመለሳለሁ። እናቴ የት ቆየህ ስትለኝ ስዞር ነው እላታለሁ።

ክልሎች በአዲስ መልክ የተዋቀሩት በዚያው ሰሞን ነበር። አቃቂ አዲስ አበባ ውስጥ ሆነች። ቀጥሎ ባቡሩ የሚቆምባት ትንሽ ከተማ ደግሞ ኦሮሚያ ውስጥ ሆነች። ከሰፈራችን ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ዘመድ አላቸው፤ ለገበያም ለሠርግም ይሄዳሉ። ለነሱ ወሰኑ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። ለመሥሪያ ቤቶቹ ግን ግንብ ሆኖ ቆመ።

እኔ ወደዚያች ከተማ የሄድኩት ለለቅሶ ነው። የአባቴ አክስት ልጅ ሞቶ፣ እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች እኔ ተክቻት ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ብዙ መቀመጥ አቃተኝ። ወጣ ብዬ ስዘዋወር ከለቅሶው ቤት አለፍ ብሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገኘሁ። በአጥሩ አሻግሬ ስመለከት ግቢው ውስጥ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ትልልቅ የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል። የዕረፍት ሰዓት ስለነበር ተማሪዎች ላያቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከአንዱ ሳጥን ጎን የተጻፈውን ሳነብ እግሬ ቀጥ አለ። ውስጡ ያለው ቶርኖ ነው። ቀጥሎ ያለው መሰርሰሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት የብየዳ መሣሪያዎች።

ዘበኛውን አስፈቅጄ ገባሁ። ሳጥኖቹን እየዞርኩ ሳይ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጡ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን እርምጃ ያላቸው ሴት ነበሩ። ሹራባቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ እጃቸው ላይ የቁልፍ እስር ይዘው መጥተው ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው አልተፈታም፤ ሆኖም ሳጥኖቹን አሳዩኝ።

ማሽኖቹ ከለውጡ በፊት በእርዳታ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ሕንፃ ይሠራላቸዋል ተብሎ ሳይሠራ ቀረ። ከተማዋ ውስጥ ያለው መብራትም አምፖል ከማብራት አያልፍም። እሳቸው ግን አልተዋቸውም። በየክረምቱ መግቢያ ሳጥኖቹን አስከፍተው፣ ከዘበኛውና ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው፣ ማሽኖቹን በገዛ እጃቸው ግሪስ ይቀባሉ። የአንዱን ክዳን አንስተው አሳዩኝ። እጄን ሰደድኩ። ከግሪሱ ሥር ብረቱ ለስለስና ቀዝቀዝ ብሎ ተሰማኝ። ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ ስሥለው የከረምኩት ነገር ነው።

አፌ እየተንተባተበ ስለ አዳራሻችን ነገርኳቸው። ስለ መብራቱ፣ ስለ መደቦቹ፣ ስለ ብሎኖቹ። ማሽኖቹ እዚያ ቢተከሉና ልጆቻቸው በባቡር እየመጡ ቢማሩ የሁለቱም ትምህርት ቤት ችግር ባንድ ጊዜ ይፈታል አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና ክዳኑን መለሱት።

"ማሽኑ አዳራሻችሁ ሲገባ የናንተ ይሆናል" አሉኝ። "የኔ ልጆች እንግዳ ይሆናሉ። እንግዳ ደግሞ ዕቃ አይነካም፤ ቆሞ ያያል።"

ያቄሙት በከንቱ አልነበረም። ከዓመታት በፊት የቤተ ሙከራ ዕቃዎቻቸውን አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተውሶ ሳይመልስ ቀርቷል። ልጆቻቸው ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ አይተው ብሔራዊ ፈተና ተቀመጡ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልጨመረም። በሥዕል መማር ምን እንደሆነ አንተም ሳታውቀው አትቀርም ብለው ብቻ ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮ ለቢሮ መዞር ሆነ ሥራዬ። በኛ በኩል ያለው የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሻይ አዝዞልኝ በትዕግሥት ሰማኝ። አዳራሹ የመስተዳድሩ ነው፤ የሌላ ክልል ንብረት ገብቶበት ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ማን ይጠየቃል አለኝ። ደግሞስ ለሌላ ክልል ልጆች የመብራቱን ሒሳብ በየትኛው በጀት እንከፍላለን? ከዚያ በባቡር ወደዚያኛው ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለውም ኃላፊ እንደዚያው ጨዋ ነበር። የክልሉ ንብረት ከክልሉ ወሰን አይወጣም፣ ቢወጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው አለኝ። ሁለቱም ሲሸኙኝ ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው አሉ። ያችን ቃል ከመጥላቴ የተነሣ ሰው ሐሳብህ ጥሩ ነው ሲለኝ ዛሬም ደስ አይለኝም።

አንዱን ቢሮ ከሌላው ጋር ለማገናኘት ስመላለስ ባቡሩ ይዘገያል፤ እኔም መጠበቂያው ላይ ከዳር ዳር እመላለሳለሁ። አንዱ ፊርማ ሲገኝ ሌላው ፈራሚ መስክ ወጥቷል። በመጨረሻ የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ዘይቱን ማን ይገዛል፣ የብየዳውን ኤሌክትሮድ ማን ያቀርባል፣ ባቡር ያመለጠው ተማሪ ኃላፊነቱ የማን ነው እያለ በየስብሰባው አዲስ ጥያቄ ያወጣል። የሚጠራበት ቀን ደርሶ ሰብሳቢው የሚቀርበት ጊዜ ደግሞ ይበዛል።

በዚህ መሀል አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ከድሬዳዋ በባቡር ሠራተኛ በኩል መልእክት ላከብኝ። የሚሠራበት ጋራዥ ሰው እየፈለገ ነው። እኔም ትምህርት ሲዘጋ ልሄድ ወሰንኩ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ሻንጣ ሳላዘጋጅ በሐሳቤ ሄጄ ነበር። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳ የማስተምረው የሌላ ሰው ተማሪዎችን ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ገባ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ነገር በሰኔ ይሮጣል፤ በጀት ሊዘጋ ነውና። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያ ሻይ ያዘዘልኝ ኃላፊ በእግሩ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ለቴክኒክ ትምህርት ተይዞ ያልተነካ ገንዘብ አለ፣ ወሩ ካለቀ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀትም በዚያው ልክ ይቀነሳል አለኝ። ያ የማሽኖቹ ጉዳይ የት ደረሰ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። በዚያኛውም ቢሮ ተመሳሳይ ጥድፊያ ነበር። ወራት የፈጀው ነገር በጥቂት ቀናት አለቀና ሁለቱም ወገኖች አዳራሻችን ውስጥ ተሰበሰቡ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰው የሚናገረው እየጮኸ ነበር። ባዶ መደቦቹ መሀል ወንበር ደርድረን ተቀመጥን። ማሽኖቹ የዚያኛው ክልል ንብረት እንደሆኑ እዚህ እንዲተከሉ፣ መብራቱንና ጥበቃውን የኛ መስተዳድር እንዲችል፣ ዘይቱን፣ ብረቱንና መለዋወጫውን እነሱ እንዲያቀርቡ፣ የሁለቱም ትምህርት ቤት ተማሪዎች እኩል እንዲማሩ ተስማሙ። በዚያኛው ወገን ሕንፃና መብራት የተሟላ ዕለት ማሽኖቹ እንዲመለሱም ተጻፈ። ዳይሬክተሯ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ሰው ሁሉ ሊነሣ ሲል ድንገት ጠየቁ።

"መምህሩስ የማን ነው?"

የኛ ኃላፊ ሳቅ ብሎ የኛ ነዋ አለ።

"አዳራሹ የናንተ፣ መብራቱ የናንተ፣ ዘበኛው የናንተ" አሉ። "በሩ የኔ ልጆች ላይ ሲዘጋ የሚከፍትልኝ ሰው የለኝም ማለት ነው። መምህሩ የኔ ይሁን። ደሞዙን እኛ እንከፍላለን፤ ተጠሪነቱም ለኔ ይሁን። ያለዚያ ሳጥኖቹ ባሉበት ይቆያሉ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቅጥር በፈቃዱ የሚወጣ ሰው ማየት ቀርቶ መስማትም ብርቅ ነበር። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ሰው የሐኪም ማስረጃ ያመጣል፣ ትዳሬ እዚያ ነው ይላል፣ ዓመታት ደጅ ይጠናል። አንድ ጊዜ የወጣ መመለሻው ከባድ ነው። ኃላፊያችን ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብሎ እንዳትሞኝ፣ እናግባባቸዋለን አለኝ። ዳይሬክተሯ ግን አያዩኝም፤ ዓይናቸው ባዶዎቹ መደቦች ላይ ነበር። እስከ ነገ ስጡኝ አልኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ለፈረቃዋ እየተዘጋጀች ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ምግቤን አቅርባ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

"እኔ እኮ እዚያ ክር ፊት ዕድሜዬን የቆምኩት" አለችኝ፣ "አንተን እዚህ ላስቀምጥ ነው።"

እዚህማ አልቀመጥም አልኳት። ያን ጊዜ የድሬዳዋውን ነገር አወጣሁት። ትምህርት ሲዘጋ ልሄድ እንደወሰንኩ፣ ጓደኛዬ እንደሚጠብቀኝ፣ ይሄ ጠመኔ እያነቀኝ እንደሆነ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ጫማዋን ቀስ ብላ አሰረች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ዣንጥላዋን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ከድሬዳዋስ የነሱ ከተማ ይቀርባል" ብላ ወጣች።

በኋላ በኋላ ሰዎች ስለዚያ ውሳኔ ሲያወሩ መሥዋዕትነት ከፈለ ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቤም አልነበረም። ሌላ ዓመት ሰሌዳ ላይ ቶርኖ መሣል አልቻልኩም፤ ማሽኖቹ ደግሞ የሚመጡት እኔ ወደነሱ ቅጥር ከሄድኩ ነው። በማግስቱ እሺ አልኩ። ኃላፊያችን እጄን ሲጨብጠኝ ለቅሶ የሚደርስ ይመስል ነበር።

ማሽኖቹ በባቡር መጡ። አንድ ፉርጎ ሙሉ ሳጥን፣ በሳጥኖቹ መሀል ደግሞ ከዚያች ከተማ የመጡ ወላጆች ዕቃቸውን አደራ ለማድረስ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ለቀናት አላባራም ነበር። ከጣቢያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ጫማ የገባበት አይወጣም። ትራክተር ተገኝቶ ነበር፤ ገና ከመነሻው ተቀርቅሮ ቀረ። ከፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የኛ ተማሪዎችና እነዚያ ወላጆች ገመድ ይዘው፣ ከሥር ወፍራም የብረት ቱቦ እያነጠፉ ጎተቱ። አንዱ ባማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመራል፤ ሁሉም ግን እኩል ይስባል። አንዱ ሳጥን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ዳይሬክተሯ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ከነቀሚሳቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ውጡ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ሲከፈቱ አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። የአንዱ ቶርኖ ሞተር መብራት ሲለቀቅበት ተቃጥሎ ሳሪስ ወስደን ሽቦውን አስጠመጠምን። ክረምቱን ሙሉ ስተክል፣ ሳስተካክል፣ ዘይት ስቀይር አለፈ። በዚያ ክረምት ባቡር ሲያልፍ የሰማሁት አይመስለኝም። በመስከረም የመጀመሪያውን ብረት አስሬ ማሽኑን ሳስነሣ ተማሪዎቹ ከበውኝ ነበር። ቢላው ብረቱን ሲነካ እየተጠቀለለ የሚወጣው ስስ ብረት ይጨስ ጀመር። መናገር ነበረብኝ፤ ማስተማር ነበረብኝ።  እኔ ግን አብሬያቸው ቆሜ አየሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት በባቡር ይመጣሉ። ባቡሩ ደግሞ እንደ ፈቀደው ነው የሚደርሰው። እነሱ እስኪደርሱ የኛዎቹ ማሽኖቹን ይይዛሉ። ልቀቁላቸው ስል ይለቃሉ፤ ዞር ስል ተመልሰው ይይዛሉ። እነዚያ ልጆች በኦሮምኛ እርስ በርሳቸው ዝግ ብለው እያወሩ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ብየዳ የምትወድ አንዲት ረጅም ልጅ ነበረች መካከላቸው፤ ዝምተኛ ናት። የመጀመሪያው ቀን ከኛዎቹ አንዱ መነጽሯን ቀምቷት ነበር። አንድ ቀን የብየዳ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጥታ ደጅ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ባቡር እሷ አልመጣችም። ዳይሬክተሯ መጡ።

ጠዋቱን በሙሉ በሩ ላይ ቆመው አዩ።  የምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

"በሩ ተከፍቷል" አሉኝ። "አሁንም ግን ቆመው ነው የሚያዩት።"

ባቡሩ እንደሚዘገይ፣ ያን ማስተካከል እንደማልችል፣ በሥራ ሰዓት ማሽን ሥራ ፈቶ መቆም እንደሌለበት ነገርኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"ባቡሩ የኔ አይደለም" አሉ። "አንተ ግን የኔ ነህ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹን እየዞርኩ አሰብኩ። በማግስቱ አዲስ ሥርዓት አወጣሁ። በነዚያ ሁለት ቀናት አንድ የኛ ልጅና አንድ የነሱ ልጅ አብረው ካልቆሙበት የትኛውም ማሽን አይነሣም። ባቡሩ ከዘገየ ሁሉም ይጠብቃል። የኛ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተናደደ። የኛ ልጆች በሌላ ክልል ባቡር ምክንያት ለምን ሥራ ይፈታሉ ብሎ ወላጆች ሰብስቦ አስቆጣብኝ። ልታዘዘው ግን አልቻልኩም። ደሞዜ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ እሱም ከመናደድ በላይ የሚያደርገኝ ነገር አልነበረውም። ሴትየዋ መምህሩ የኔ ይሁን ያሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል አዳራሹ ውስጥ ኩርፊያ ነገሠ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ሥራ ፈትተው መቀመጥ የሰለቻቸው የኛ ልጆች ባቡሩን ለመቀበል ጣቢያው ድረስ መሄድ ጀመሩ። ከኋላኛው ጣቢያ ተነሥቷል ወይ እያሉ የጣቢያውን ሠራተኛ ያስደውሉታል። ባቡሩ ሲቆም እነዚያን ልጆች ከየበሩ ለቅመው፣ ቦርሳቸውን ተቀብለው እየሮጡ ያመጧቸዋል። ደፋ፣ ደፋ የሚል ጩኸት ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ፍጠኑ ማለት ነው። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ረጅሟም ልጅ ተመለሰች። ከኛዎቹ አንዱ፣ የመጀመሪያው ቀን መነጽሩን የቀማት ልጅ፣ የብየዳ ጓደኛዋ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ለትምህርት ቤቷ የግቢ በር የሠሩት ሁለቱ ናቸው።

ነገሩ ለጥቂት ዓመታት ሄደ። እየቆየ ግን ባቡሩ ደከመ። ሞተሩ ተበላሽቶ ለሳምንታት የማይመጣበት ጊዜ ነበር። ያኔ የዚያኛው ከተማ ልጆች አቃቂ ባሉ ተማሪዎች ወላጆች ቤት እያደሩ ይማሩ ጀመር። እናቴ ሳትጠየቅ ሦስት ሴት ልጆች ወሰደች። ቤታችን ጠባብ ስለነበር እኔ ጓዳ ውስጥ መተኛት ግድ ሆነብኝ። ከፈረቃዋ ስትመለስ ዛሬ ምን ሠራችሁ ብላ ትጠይቃቸዋለች። ክር ፋብሪካው ውስጥ የሚሰበረውን ዓይነት ዘንግ ቶርኖ ላይ እንዳወጡ ሲነግሯት አመጡልኝ አለች፤ አመጡላት፤ እያገላበጠች አየችው። እኔን ግን ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

በመጨረሻ በዚያኛው ከተማ ከባድ መብራት ገባ፤ ክልሉም በራሱ በጀት ሕንፃ ሠራ። ስምምነቱ እንደሚለው ማሽኖቹ ሊመለሱ ሆነ። የኛ መስተዳድር መጀመሪያ አጉረመረመ። ልጆቹ ፋብሪካና ጋራዥ ሲገቡ፣ አንዳንዶቹም በሰቃ በሚባለው የአቃቂ ሰፈር ውስጥ የበርና የመስኮት መሥሪያ ሲከፍቱ አይቶ ስለነበር ግን አዳራሹን ባዶ መተው አልቻለም፤ በቁጥር ያነሱ ቢሆኑም አዳዲስ ማሽኖች ገዛ። እኔ የነሱ ቅጥር ስላልሆንኩ ከማሽኖቼ ጋር ተጫንኩ። በዚህ ጊዜ ባቡር አልተገኘም፤ በጭነት መኪና ሄድን። እናቴ አልሸኝም ብላ ቤት ቀረች፤ በሳምንቱ እሑድ ግን በአውቶቡስ መጥታ የተከራየሁትን ቤት ጠርጋልኝ ሄደች።

ዳይሬክተሯ ጡረታ የወጡት እኔ አዲሱን ሕንፃ ባደራጀሁ በዓመቱ ነው። የመጨረሻ ሳምንታቸው ላይ ቢሯቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ለብዙ ጊዜ ልጠይቃቸው ፈልጌ ያልደፈርኩት ጥያቄ ነበረኝ። ያን ቀን፣ በሰኔው ስብሰባ፣ እምቢ ብል ኖሮ እውነት ማሽኖቹን ከሳጥን አያወጧቸውም ነበር ወይ አልኳቸው።

መሳቢያቸውን እያጸዱ ነበር። ቀና አሉ።

"እሰጣቸው ነበር እንጂ" አሉኝ። "አንድ ክረምት ከተጨመረባቸው ዝገት ይገባቸው ነበር። ይህን ለናንተ መንገር ግን አልነበረብኝም።"

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። መስኮቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ሳቅ ቀደመኝ፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ ጮክ ብለው ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ደወሉ ሲደወል ክፍል ስላለኝ ትቻቸው ወጣሁ፤ ተማሪዎቹ ቱታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።